እ ማለት ውሃ ነው

ባለፈው ሳምንት ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም ሰፈር፣ በርገር ሽትራሰ ላይ፣ ዳቦ ልገዛ ወጥቼ አንዲት ትንሽ የሻይ ሱቅ በር ላይ ተገትሬ ቀረሁ። ባለሱቁ ትልቅ የወረቀት ከረጢት ቀዶ አረንጓዴ የደረቀ ቅጠል ወደ ቆርቆሮ ይገለብጣል። ሽታው ደረሰኝ፦ ጭስ የነካው ድርቆሽ፣ ትንሽ ትምባሆ ትንሽ ትምባሆ የሚል፣ ከሥሩ ደግሞ ዝናብ የመታው አቧራ። ሰውዬው ምን ልታዘዝ ብሎ ጠየቀኝ። እኔ እቴ! ምን ልበለው? "ይሄ ሽታ የሚኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ እዚህ ምን ይሠራል?" ልበለው? ዳቦውንም ሳልገዛ ቤቴ ገባሁ።

አስር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ፌኸንሃይም ነው፣ ትራሙ መጨረሻው ጋ ሊደርስ ሲል፣ ማይን ወንዝ ሰፈሩን አቅፎ በሚዞርበት በኩል። አባዬ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያነሣል። መጋዘኑን በጀርመንኛ "ላገር" ይለዋል። "እኔ ላገር ነው የምሠራው" ሲል ለአገር የሚሠራ፣ ወታደር ቢጤ ይመስለኝ ስለነበር፣ ለክፍሌ ልጆች እንደዚያው ብዬ ጉራዬን ነዝቻለሁ። እማዬ ደግሞ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ኪኒናቸውን ትሰጣለች። በዚያ ዓመት ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ሥራዋን አቆመች፤ እርጉዝ ነበረች።

ከእኔ በኋላ አንድ ፅንስ ወርዶባታል። ይሄንን ማንም ቁጭ አድርጎ አልነገረኝም፤ ግን ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፣ ማን ከማን ምን ይደብቃል? "ያኛው ሥጋ ለብሶ ሳያልቅ ሄደብኝ" ስትል በስልክ ሰምቻታለሁ። አሁን ሐኪሟ ተኚ፣ ደረጃ እንዳትወጪ፣ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብሏታል። እማዬ ደግሞ መተኛት የሚባል ነገር አታውቅም። ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ዝም ብላ ጣሪያ ስታይ ታስፈራኝ ነበር። አባዬ ከሥራ ሲገባ በሩ ላይ ቆሞ "ተንቀሳቀሰ?" ይላል። "ተንቀሳቅሷል" ስትለው ነው ጫማውን የሚያወልቀው። ያንን ሳይሰማ ጫማ ሲያወልቅ አይቼው አላውቅም።

ድምፁን የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመለስና ቤቱ ጭር ሲል፣ ከጣሪያችን በላይ አንዲት ሴት "እ!" ትላለች። ትንሽ ትቆይና "እ… እ" ትላለች። የሚጠራት ሰው ድምፅ አይሰማም። የሚሰማው መልሱ ብቻ ነው።

እኛ ቤት ደግሞ "እ" ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እማዬ ስትጠራኝ "እ?" ካልኳት አለቀልኝ፤ "እ ምንድነው? እ ምንድነው? አቤት አይባልም? ስድ!" ትለኛለች። ሌላም ሕግ ነበረን፣ ከአያቴ የመጣ። የማታይው ሰው በስምሽ ቢጠራሽ ሦስት ጊዜ እስኪጠራሽ ድረስ አቤት እንዳትይ። ሰው ከሆነ ደጋግሞ ይጠራል። ሰው ያልሆነው ግን አንዴ ጠርቶ ይጠብቃል። "ከመለስኩለትስ?" ብዬ ስጠይቅ "ይወስድሻላ!" ነበር መልሱ። ከዚህ የበለጠ ማብራሪያ አልነበረም፣ ለእኔም ከበቂ በላይ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ላይ ቤት ያሉትን ሴትዮ በየቀኑ የሆነ ነገር ይጠራቸዋል። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ፣ ያውም በመጀመሪያው ጥሪ፣ ያውም በ"እ" ይመልሱለታል።

"እማዬ፣ ላይ ያሉትን ሴትዮ ማነው የሚጠራቸው?" አልኳት።

"እማማ ሊንዳን? ብቻቸውን አይደሉ እንዴ፣ ማን ይጠራቸዋል?"

ይሄ መልስ ጭራሽ አባሰው።

ስማቸው ፍራው ሊንድነር ነው። እማዬ አፏ ላይ አልያዝ ሲላት እማማ ሊንዳ አደረገቻቸው፤ እሳቸውም ወደዱት። ከትምህርት በኋላ ልጅ በሚውልበት በሆርት ቦታ ጠፍቶ ነበርና፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አባዬን አግኝተው "ልጅቷ ከሰዓት እኔ ጋ ትዋል፣ እናትየዋ ትረፍ" አሉት። አባዬ በደስታ ሊሞት! እኔ ግን ሞት የተፈረደብኝ ያህል ነበር።

"ኢሽ ቪል ኒሽት!" ብዬ ጮህኩ፣ አልፈልግም ማለቴ ነው። ስናደድ አማርኛዬ ይጠፋል።

"ኒሽት ፊሽትሽን እዚያው ትምህርት ቤትሽ" አለችኝ እማዬ። "አሮጊት ናቸው እንጂ ጅብ አይደሉ፣ አይበሉሽም።"

ወጣሁ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ያ ሽታ ነው። ከዚያ እሳቸው፦ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጸጉራቸውን በአንድ ጉንጉን የጎነጎኑ፣ እግራቸው ድረስ የሚደርስ ቡናማ የቤት ጋውን የለበሱ። እጃቸው ላይ ቅል አለ። እውነተኛ ቅል፣ አናቱ የተቆረጠ፣ በአረንጓዴ ቅጠል የታጨቀ፣ የብረት መምጠጫ የተሰካበት። ሙቅ ውሃ ይጨምሩበታል፣ ይመጥጡታል፣ እንደገና ይጨምሩበታል። መስኮታቸው ላይ ደግሞ ጨርሶ ያላየሁት ዓይነት ቀይ አፈር የሞላ የመስታወት ማሰሮ ተቀምጧል። ማታ ስነግራት እማዬ ሳቀች፤ "ቅል በአገሩ ድንጋይ ይሰብራል! እዚህ መጥቶ ነዋ ሻይ የሚጠጣበት" አለች። ተረት መሆኑን ማን ነገረኝ? ድንጋይ የሚሰብር ነገር በእጃቸው ይዘው ይዞራሉ ብዬ ደግሞ እሱን ፈራሁ።

እማማ ሊንዳ የተወለዱት ፓራጓይ ደቡብ፣ ኤንካርናስዮን የምትባል ከተማ ነው። አያት ቅድመ አያታቸው ከጀርመን ሄደው መሬት መንጥረው ያረሱ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ፋብሪካ የሚሠራ የፌኸንሃይም ሰው አግብተው ወዲህ ተመለሱ፤ ባልየው ሞተው ብቻቸውን ቀርተዋል። ከተማቸውን በካርታ አላሳዩኝም። ኮሪደራቸው ነበር ካርታው።

ኮሪደሩ ረጅምና ጠባብ ነው፤ አንዱ ጫፉ ወጥ ቤት፣ ሌላው ጫፉ መታጠቢያ ቤት። "ወጥ ቤቱ የላይኛው ከተማ ነው" አሉኝ። "እዚህ አደባባዩና ቤተ ክርስቲያኑ። አሁን ቁልቁል እንውረድ።" ወለሉ ደልዳላ ነው፣ ግን እሳቸው እንደሚወርድ ሰው ጉልበታቸውን ሰበር እያደረጉ ሲሄዱ የእኔም ጉልበት ይሰበር ነበር። ኮት መስቀያው ጋ ባቡር ጣቢያው፣ በእንጨት የሚነድ ባቡር የሚቆምበት። መስተዋቱ ጋ የስንዴ ወፍጮው። ከወፍጮው አለፍ ብሎ የአባታቸው ሱቅ፣ ወለሉ ጥቁርና ነጭ ሸክላ። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ወደቡ፤ ከዚያ ወዲያ ፓራና፣ ማይንን ቦይ የሚያስብል ወንዝ። ባቡሩ ወንዙ ዳር ሲደርስ ከነፉርጎው መርከብ ላይ ይጫንና ማዶ አርጀንቲና ይሻገራል።

"ገበሬው በበሬ ጋሪ ይመጣ ነበር" ይላሉ፣ መስተዋቱ ጋ ቆመው፣ መንገድ እንደሚለቅ ሰው ግድግዳው ላይ ተለጥፈው። እኔም እለጠፋለሁ። "ጀርመኑ፣ ዩክሬኑ፣ ጃፓኑ፣ የአገሩም ሰው፣ ሁሉም እግሩ እስከ ጉልበቱ ቀይ ነው። ያ አፈር አንዴ ከያዘሽ አይለቅም። በቆሎ፣ ጥጥ፣ ይሄን የምጠጣውን ቅጠል ያመጣሉ፤ አባቴ ይመዝናል። ኋላ ኋላ ሁሉም ወደ ሶያ ዞረ።"

ሶያ ምንድነው ብዬ እማዬን ጠየቅኳት፤ "አኩሪ አተር" አለችኝ። አተሩን ምን አኮራው? ማንም አልመለሰልኝም። እማማ ሊንዳ ግን በመስኮቱ ማይን ላይ ሽቅብ የሚሄደውን የጭነት ጀልባ እያሳዩ፣ ለጀርመን አሳማ መኖ የሚሆነው ሶያ በዚህም ይመጣ ይሆናል፣ ከእኛም ማሳ ሊሆን ይችላል አሉኝ። ከዚያ በኋላ ጀልባ ሲያልፍ ከተማዋ ቀስ ብላ እየመጣች ይመስለኝ ጀመር።

አንድ ቀን ወደ ወደቡ ስንወርድ፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ሊደርስ ሲል፣ እማማ ሊንዳ ጋውናቸውን በሁለት እጃቸው ሰብስበው ከቁርጭምጭሚታቸው ከፍ አደረጉት።

"ምን ሆነው ነው?"

"ውሃው እዚህ ደርሷላ" አሉ። "ኢርማ ነገረችኝ።"

ኢርማ እህታቸው ናቸው፣ እዚያው ኤንካርናስዮን የቀሩ። ከከተማው በታች ወንዙን በትልቅ ግድብ ዘግተውታል፣ ውሃው ወደ ኋላ እየሞላ ነው፣ የታችኛው ከተማ ሊሰጥም ነው። ሰዉን ወደ ላይ ወደ አዲስ ቤት አስወጥተው የድሮውን ቤት በማሽን አፍርሰውታል፤ ከአባታቸው ሱቅ የቀረው ያ ጥቁርና ነጭ ወለል ብቻ ነው። ኢርማ በስልክ ውሃው የደረሰበትን ይነግሯቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ጋውኑ የሚሰበሰበው ትንሽ ቀደም ብሎ ሆነ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከፍም ብሎ፣ እስከ ባታቸው። እኔም ቀሚሴን እሰበስባለሁ። ታች ቤት የእማዬ ሆድ ይገፋል፣ ላይ ቤት ውሃው ይወጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል።

ስልኩ ባለ ሽቦ ነው፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ። ሲጮህ ያነሡና ያደምጣሉ፤ ፊታቸው ይከስማል፤ ከዚያ "እ" ይላሉ። "እ… እ።" ጉዱ ይሄ ነበር! ስልኩን ሲዘጉ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኳቸው።

"እ ያሉት ለምንድነው?"

ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ምን አልሽ?"

"እ።"

"ድገሚው።"

"እ።"

ዓይናቸው እንባ ሞላ። በአገራቸው ሰው ቋንቋ፣ በጓራኒ፣ "እ" ማለት ውሃ ነው አሉኝ። ጀርመን አፉ አይችለውም። ባላቸው እስኪሞቱ ሞክረው አንዴ "ኢ"፣ አንዴ "ኡ" እያሉ ነው ያለፉት። ፍራንክፈርት ከገቡ ጀምሮ ይህችን ድምፅ ከሌላ ሰው አፍ ሰምተው አያውቁም። በእሷ የተነሣ ሙሉ ዕድሜዬን ስድብ ስጠጣ የኖርኩባት ፊደል! ደግሜ ደጋግሜ አልኩላቸው፤ አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ።

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ሲጠሯቸው እየመለሱ አልነበረማ። ግን ማታ አልጋዬ ላይ ሳስበው ነገሩ ተገለበጠብኝ። እሳቸው መላሽ ካልሆኑ ጠሪ ናቸው። ውሃውን በስሙ እየጠሩት ነው። ከተጠራ ደግሞ አንድ ቀን አቤት ማለቱ አይቀርም።

ይባስ ብሎ የከተማዋን ስም ትርጉም ነገሩኝ፤ እግዚአብሔር ሰው የሆነበት፣ ሥጋ የለበሰበት ማለት ነው አሉ። እማዬን ስጠይቃት "ሥጋዌ ነዋ! እንዴት ያለ ስም ነው ባክሽ!" ብላ አማተበች።

"ከተማ ሥጋ ይለብሳል?"

"አንቺ ልጅ ጥያቄሽ አያልቅም? ተኚ በቃ።"

ታዲያ አልተኛሁም። ቤቶቿን አፍርሰውባታል፣ ጡቧን ወስደውባታል፣ ስሟ ብቻ ነው የቀረው። ስሟ ደግሞ ሥጋ መልበስ ነው። ከላያችን ውሃውን በስሙ የሚጠራ ሰው አላት። ከታች፣ እማዬ ሆድ ውስጥ፣ ሥጋ ለብሶ ያላለቀ አንድ ሰው አለ። ያለፈውስ ማን ወሰደው? ለማን ልንገር? ለአባዬ ብነግረው በሥራ ቦታው ሁሉ ስቆ ያስቅብኛል።

ጥር ላይ በረዶው ሲቀልጥ ማይን ሞላ። አባዬ እጄን ይዞ ሊያሳየኝ ወሰደኝ። ከቤታችን በታች ያለው የእግረኛ መንገድ የለም። አግዳሚ ወንበሮቹ ውሃ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ የመንገድ መብራቱ ከውሃው መሐል በቅሏል። ውሃው ቡናማ ነው፣ ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ፣ ድምፅ የለውም።

"አየሽው ሲስቅ?" አለ አባዬ፣ ፀሐይዋ ላዩ ላይ ስትብለጨለጭ። "ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል።"

"ከየት ነው የመጣው?"

"ከላይ ነዋ፣ ከተራራው።"

እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቅ ነበር። በማግስቱ ላይ ቤት ወጥቼ በካልሲዬ ኮሪደሩ ላይ ስሄድ፣ መታጠቢያ ቤቱ ሳይደርስ፣ ምንጣፉ ረጠበ። እውነተኛ ውሃ። ካልሲዬን አወለቅኩት፤ ቀይ ነበር። እማማ ሊንዳ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ምንጣፉን ዳበሱት፣ ዳበሱት፣ "እ" አሉ በለሆሳስ። የሕንጻው ጠጋኝ፣ ሃውስማይስተሩ፣ መጥቶ ማሞቂያው ያፈሳል፣ ቀዩ የቧንቧው ዝገት ነው አለ። ይበል። ቧንቧውን ጠገነው፤ ምንጣፉ ግን ብዙ ቀን አልደረቀም።

"አሁን ወለሉ ብቻ ነው የቀረው" አሉኝ እማማ ሊንዳ። "ኢርማ ቃል ገብታልኛለች። ውሃው የአባቴ ወለል ላይ ሲወጣ ዳር ቆማ ስልኩን ወደ ውሃው ትይዝልኛለች። ልሰማው እፈልጋለሁ። ካልሰማሁት አላምንም።"

የካቲት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ፣ ውጭው ቀድሞ ጨልሟል። እማማ ሊንዳ ወንበራቸው ላይ ሸለብ አድርጓቸዋል፣ እኔ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ከደረጃው በኩል ስሜ ተጠራ።

"ቤዛ።"

ጎርናና፣ ትንፋሽ የበዛበት፣ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ። የእማዬ አይደለም፤ እማዬ ደረጃ አትወጣም፣ ተከልክላለች። እርሳሴን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ሁለተኛውን ጠበቅኩ። የለም። አንዴ ጠርቶ ይጠብቃል፣ ብላ ነበር አያቴ።

በቃ መጣ፣ አልኩ በልቤ። ለወንድሜ ነው የመጣው። ወንድ መሆኑን ያኔ አውቀን ነበር፤ አባዬ ለሆዱ እያወራ "አንተ ጎረምሳ" ይለው ጀምሯል። እዚያ ቁጭ ብዬ ምን እንዳሰብኩ ዛሬም ጥርት ብሎ ይታወሰኛል፦ ሥጋ ከሆነ የፈለገው እኔም ሥጋ አለኝ። እንዲያውም ያለቀለት ሥጋ። እኔን ከወሰደ እሱን ይተወዋል። ፈሪ ነበርኩ፣ በጣም ፈሪ ነበርኩ፤ ግን ተነሣሁ። በሩን ከፈትኩ። የደረጃው መብራት በራሱ ጊዜ የሚጠፋ ነው፣ ጠፍቷል። ታች ጨለማ ነው። አቤት አላልኩም፤ በቋንቋው ልመልስለት ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣

"እ!" አልኩ።

ቀሚሴን ሰብስቤ ከጉልበቴ በላይ ያዝኩት፣ በባዶ እግሬ መውረድ ጀመርኩ። አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ፣ ከዚያ እግሬ ውሃ ውስጥ ገባ። ሙቅ ውሃ! ጮኼ ልሮጥ ስል እጅ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ።

"ቤዛዬ… እኔ ነኝ… አትጩኺ… እንሽርት ውሃዬ ፈሶ ነው… ስልኬን አጣሁት… ሰው ጥሪልኝ።"

እማዬ ነበረች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ፣ ብረቱን በአንድ እጇ አንቃ፣ ላብ አጥምቋት። ከዚያ፣ በእናቴ በሕይወቷ እምላለሁ፣ ምጡ መለስ ሲልላት ቀና ብላ አየችኝና "እ ነው ያልሽኝ? አቤት… አይባልም?" አለችኝ።

"እማማ ሊንዳ!" ብዬ ስጮህ ሕንጻው ተናጋ። እሳቸው ወጡ፣ መብራቱን አበሩ፣ አዩ፣ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቁ አምቡላንስ ጠሩ፣ ከዚያ ትራስ ይዘው ወርደው እማዬ አጠገብ ተቀመጡ፣ እጇን ያዙ። የመውለጃዋ ቀን ገና ነበር፤ የማይገባኝ መስሏቸው በአምቡላንስ የመጡት ሰዎች በጀርመንኛ ሲያወሩ ሁሉንም ሰማሁ። ቀኑ ገና ነው፣ ቶሎ ነው፣ ከዚህ በፊትም አንድ አጥታለች። ወሰዷት። አባዬ ከላገር በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄደ።

ወጥ ቤት ተቀመጥን። እማማ ሊንዳ ቅሉን ሞልተው ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሰጡኝ፤ መረረኝ፣ ግን ጠጣሁት። አልቅሼ የማላውቀውን ያህል አለቀስኩ። ውሃው ወንድሜን ሊወስደው ነው አልኳቸው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ ሥጋውንም፣ ስሙንም፣ ጥሪውንም። አልሳቁብኝም፣ አልተቆጡኝምም። "አላውቅም፣ ልጄ" አሉ ብቻ። አያስፈራም ቢሉኝ እንዴት በወደድኩ።

ስልኩ ጮኸ።

ቅርብ ስለነበርኩ እኔ አነሣሁት። ሹክሹክታ፣ የሆነ መንኳኳት፣ ሰፊ ቦታ ውስጥ የሚሄድ ነገር ድምፅ። ሃሎ የሚል የለም። ከዚያ፣ ቀጭን፣ እርጥብ፣ ቅርብ፦

"እ… እ… እ…"

መነጋገሪያው ከእጄ ሊወድቅ ሲል እማማ ሊንዳ ተቀበሉኝ። ጆሯቸው ላይ አድርገው አደመጡ። ብዙ አደመጡ። ፊታቸው እንደዚያ ሲፈታ አይቼ አላውቅም። "እ" አሉ መልሰው፣ ቀስ ብለው። ከዚያ በጀርመንኛ "ኢስት ኤስ ዳ?" ብለው ጠየቁ። ደረሰ ወይ?

ከመነጋገሪያው ውስጥ ደስታ ያሰከረው የወንድ ድምፅ በተሰባበረ ጀርመንኛ ሲጮህ እኔ ድረስ ተሰማ፦ "ያ፣ ያ! ኤስ ኢስት ዳ! አለስ ጉት!"

አባዬ! ልጁን አስቀድሞ ሊያሰማኝ ስልኩን አፉ ላይ ይዞለት ነው። መጥቷል፣ ሁሉ ደህና ነው።

እማማ ሊንዳ መነጋገሪያውን አስቀመጡት። "ደርሷል" አሉኝ፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። "የአባቴ ወለል ላይ ወጣ። ሰማሁት።"

አፌን ከፈትኩ፤ ወንድሜ ነው፣ ልላቸው ነበር። ከዚያ ፊታቸውን አየሁት። "አዎ፣ ደርሷል" አልኳቸው።

ትንሽ ቆይቶ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ሁለታችንም አየነው።

"ኢርማ ይሆናሉ" አልኩ።

"ተይው፣ ሰምቼዋለሁ።"

ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸና ዝም አለ። ሌላ ጊዜ አልደወለም። እማማ ሊንዳ ተነሥተው ኮሪደሩን ቁልቁል ወረዱ፣ ጣቢያውን አለፉ፣ ወፍጮውን አለፉ። ጋውናቸውን አልሰበሰቡም። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ፣ "ሞቃት ነው" አሉ። እኔ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ወንድሜ አሁን ከእኔ ይረዝማል። ከክፍሉ ሲጠራ አንድ ቀን አቤት ብሎ አያውቅም፤ እማዬ ልታስለምደው ያላደረገችው የለም። ባለፈው እሑድም ምሳ ቀርቦ ስትጠራው "እ?" አላት።

"እ ምንድነው?" ብላ ጮኸች፣ ጭልፋዋን እንደያዘች ወደ እኔ ዞራ። "እስቲ ንገሪኝ፣ እ ምንድነው?"

"ውሃ" አልኳት።